የተቆለፈው ደካማ ጎን

አንድ ቀን በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት የዓመቱ ግምገማ ደረሰ። ኃላፊው አቶ ደምመላሽ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቤት እየሠሩ ነው እንጂ። ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ያየው መኪና ሁሉ የጭነት ይመስለዋል። የሠራተኛው ሰርቪስ ጠዋት ሲሚንቶ፣ ማታ ብሎኬት ሲያመላልስ ከረመ። ሠራተኛው በእግሩ ይኳትናል፤ ዕድል ቀንቶት የተሳፈረ እንደሆነም ወፍጮ ቤት የዋለ መስሎ ይወርዳል።

ንብረት ክፍል የሚሠራው ሽመክት ጉልበቱን ያመዋል። ስለዚህ ግምገማዋን እንደ ፋሲካ ነበር የሚጠብቃት። ከዞን የሚመጡት ገምጋሚ በዓመት አንዴ ነው ብቅ የሚሉት፤ ዛሬ ካልተነገራቸው ሌላ ዓመት ሙሉ በእግር ነው።

ይህ አቶ ደምመላሽንም አልጠፋቸውም። የአስተያየት መስጫውን ሠንጠረዥ በኤክሴል አዘጋጅተው ለሁሉም ላኩ። ሽመክት «ደካማ ጎን» የሚለው ሣጥን ውስጥ ስለ ሰርቪሱ ሊጽፍ ቢሞክር ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለው። ቢጫን፣ ቢነካካ፣ ወይ ፍንክች! ተቆልፏል። የሚጻፍበት «ጠንካራ ጎን» የሚለው ብቻ ነው። ሽመክት ተናደደ። ከዚያ ጢሙን እያሻሸ ትንሽ አሰበና እዚያው ክፍት ሣጥን ውስጥ አንዲት መስመር ጻፈ።

በስብሰባው ላይ ገምጋሚዋ ወይዘሮ የሺመቤት ሠንጠረዡን ማንበብ ጀመሩ።

«ደካማ ጎን… አንድም የለም! አቶ ደምመላሽ፣ እንደ እርስዎ ያለ ኃላፊ አይቼ አላውቅም።»

«የሠራተኛው ፍቅር ነው» አሉ አቶ ደምመላሽ አንገታቸውን ሰበር አድርገው።

«ጠንካራ ጎን… ታታሪ ናቸው፣ ቅን ናቸው… ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? መቆለፍ ይችሉበታል ይላል። ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሽመክት ብድግ ብሎ።

«ምን ለማለት ነው?»

አቶ ደምመላሽ ቶሎ ብለው ጣልቃ ገቡ። «ሠንጠረዡን ማለቱ ነው፣ ወይዘሮ የሺመቤት። አንዳንዱን ሣጥን ቆልፌዋለሁ። የመንግሥት ሰነድ አይደል? የማይመለከተው እጅ ገብቶ እንዳያበላሸው ብዬ ነው።»

«እኔም ያደነቅሁት ይሄንኑ ነው» አለ ሽመክት። «እንግዲህ ካልከበደዎት፣ ጌታዬ፣ በዚሁ እጅዎ ሰርቪሱንም ይቆልፉልን። እሱም የመንግሥት ነው፤ የማይመለከተው ብሎኬት እየገባ አበላሸው።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ፤ አቶ ደምመላሽን ራሳቸውን ሳቅ አመለጣቸው። በማግስቱ ጠዋት ሰርቪሱ በሰዓቱ መጣ፤ ሠራተኛው ግን ወንበሩን ሳያራግፍ አልተቀመጠም።