ግንቡና የውሃ ውስጥ ሣር

ተረት ተረት ብዬ ልጀምር፤ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ሲተርት እንደሰማሁት።

ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ማዕበል የአሸዋው እንግዳ ነበር። ወጥቶ ጋደም ይልና ረጋ ብሎ ይመለሳል። ኋላ ሰዎች ዳርቻው እንዳይሸረሸር ብለው የድንጋይ ግንብ ሠሩ። ማዕበሉም ከግንቡ እየተላተመ በቁጣ ሲመለስ ጭቃውን አነሣ። ከውሃው በታች የሚኖሩት ሣሮች ብርሃን አጥተው ተነቀሉ፤ እናታቸው ብቻ ቀረች።

«እትዬ ሣር፣ ተነሺ እንሂድ» አለቻት ዓሣ።

«አንቺ ክንፍ አለሽ፣ ሂጂ። እኔ ሥር አለኝ።»

ግንቡ ሳቀ። «አንቺ ልፍስፍስ! ማዕበል እኔን ሲያይ እንዴት እንደሚመለስ አየሽ?»

«እንግዳውን ከደጅ የመለሰ ጎረቤቱን ያስረግጣል» አለችው።

ክረምት ሲገባ ማዕበሉ የግንቡን እግር ቆፈረው፤ ግንቡም አዘመመ።

«እትዬ ሣር፣ እባክሽ አፈሩን ያዢልኝ!»

«አፈሩን የሚይዙልህ ልጆቼ ነበሩ» አለችው፣ ቀና እንዳለች።

ግንቡ ተናደ። ማዕበሉ በክፍተቱ ገብቶ አሸዋው ላይ ተኛ። ውሃው ሲጠራ፣ ሣር ከነቁመናዋ አበበች።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ከማበስ ይልቅ ግን ለተራቹ ነፍስ ይማር በሉልኝ።