የይመኙሻል መሻገሪያ

ከአስታው ኮረብታ ስር፣ በሁለቱ ሐይቆች መሃል የተኛው ረግረግ ዛሬ የይመኙሻል መሻገሪያ ይባላል። ይመኙሻልን የበደላት ጭቃ ሹም ደምለው ነው፤ ስሙ ከፊት ይነሳ፣ ክፉ ሰው ሲረሳ ይመቸዋልና።

እንደሚነገረው፣ ይመኙሻል ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጅ ብቻ ያላት፣ ለማንም አንገቷን የማትደፋ ሴት ነበረች። ክረምት በወጣ ቁጥር ረግረጉ መልኩን ስለሚለውጥ፣ ዘንጓን ይዛ በባዶ እግሯ እየገባች፣ መሬቱን በተረከዟ እየፈተነች፣ በቻላት ቦታ ሁሉ የአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ ትተክል ነበር፤ መንገደኛውም ያንን እያየ ይሻገራል። ዓይን የሚጠላው ጥቁሩና ጉብታ ጉብታው መሬት ሰው ይሸከማል፤ ዓይን የሚወደው ልሙጡ ለምለም ሣር ግን ውኃ ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ነውና ይውጣል። የውኃ ወፎቹ ይብራዎች እንኳ ይህን ስለሚያውቁ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጉብታው ላይ ነው። ሽማግሌዎች ደግሞ ከምንጣፉ ስር ባለቤት አለ፣ የዋጠውን ሰው ድምፅ እያስመሰለ ይጣራል ይላሉ።

ደምለው በተሾመ ዓመት ግን መንገድ ማውጣት የሹም ነው ብሎ ዘንጓን ነጠቃት። በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ፣ ጫማው ጭቃ ሳይነካው፣ አሽከሮቹን በለምለሙ ላይ አንድ በአንድ እየላከ ቅርንጫፍ አስተከለ። አንድ አንድ እየሆኑ ቀለል ብለው ረገጡት፤ ምንጣፉም ለጊዜው ቻላቸው።

«ጌታው፣ ያ ሣር ታች የለውም» አለችው።

«ባልሽን ቀብረሽ ስታበቂ ደግሞ መንገድ ላውጣ ትያለሽ? ሂጂ፣ እንዝርትሽን አሹሪ!»

«እሱንስ አሾራለሁ። እርስዎ ግን ያስተከሉት ላይ አንድ ጊዜ ወርደው ይቁሙበት።»

አሽከሮቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ደምለው አልወረደም፤ ይልቅስ የሹም ምልክት የነቀለ አርባ ይገረፋል ብሎ አሳወጀ። ይመኙሻልም፣ ማንንም የማትፈራዋ፣ ጅራፉን ፈርታ ዝም አለች።

በሦስተኛው ቀን ልጇ አንጓች የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት ልትወልድ በበቅሎ ተጭና፣ ባሏ የደምለውን ምልክት ተከትሎ ልጓም እየሳበ፣ ከወዲያ ማዶ ተነሳች። ይመኙሻል ከዳር ሆና ልትመልሳቸው ስትወርድ ጉሙ ቀደማት። እኩለ ቀን ላይ የገዛ እጇ እስከማይታያት ድረስ ወረደ። ይብራዎቹ አንድ ላይ ግር ብለው ተነሱ፤ ከዚያ እንቁራሪቱም ዝም አለ። ከእግሯ ስር መሬቱ ዝንብ እንዳረፈበት የበሬ ቆዳ ተንቀጠቀጠ።

«እማዬ!» አለ ድምፅ ከግራ። «እማዬ!» አለ ደግሞ ከቀኝ።

አንዱ ልጇ ነው፤ ሌላውስ?

«አንጓች! እንዳትቆሚ፣ በጎንሽ ተኚ!»

«እግሬን ይዞኛል! የሆነ ነገር ይዞኛል!»

«ማንም አልያዘሽም፤ ጭቃ ነው! ጭቃ እጅ የለውም!» አለች፤ እሷ ግን ያለችውን አላመነችውም።

ጆሮዋን ትታ እግሯን አመነች። ስትረግጥ ተረከዟ ስር የይብራ እንቁላል ተሰበረ፤ ጉብታ ላይ መሆኗን በዚያ አወቀች። ከጉብታ ጉብታ እየዳበሰች ስትደርስ አማቿ በሆዱ ተኝቶ ሚስቱን በክንዷ ይዟል፤ አንጓች እስከ ወገቧ ገብታለች። ይመኙሻል መቀነቷን ፈትታ ወረወረችላት፤ ሁለቱ ጎተቱ፤ ጭቃው እንደማይጠግብ አፍ እየመጠጠ በግድ ለቀቃት። በቅሎዋ ግን ጆሮዋ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ ጆሮዋም አልታየም። ሣሩ ቀዳዳውን መልሶ ገጠመው፤ ምንም እንዳልነበረ ለመለመ።

አንጓች ያን ዕለት ወለደች። ወንድ ነው የሚሉ አሉ፣ ሴት ናት የሚሉም አሉ፤ እናትና ልጅ በሕይወት መትረፋቸውን ግን የሚክድ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ይመኙሻል አገር እያየ ወደ ረግረጉ በደረቷ እየተሳበች ገባች፤ የደምለውን ቅርንጫፎች አንድም ሳታስቀር ነቅላ፣ ተሸክማ፣ ደምለው ከዳር ሆኖ በተቀመጠበት በቅሎ እግር ስር ደፋቻቸው። ጅራፍ ያነሳ አልነበረም።

አንቱታውን ትታ፣ «ውረድ» አለችው። «ጫማህን አውልቅና አንዷን ራስህ ትከል። ቆመህባት።»

ደምለው ለምለሙን አየ፣ ጫማውን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አልወረደም፤ በቅሎውን አዙሮ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያም በዚያ አገር መንገድ አውጣ ያለው የለም ይባላል። እሷም መቀነቷን አጥብቃ፣ ዘንጓን ከአሽከሩ እጅ ተቀብላ፣ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ጥቁሩ ጉብታ ላይ ተከለች፤ በሁለት እግሯም ቆመችበት። እስከ ዛሬ በዚያ መሻገሪያ፣ ሹምም ይሁን ቄስ፣ የተከለው ሰው በባዶ እግሩ ያልቆመበትን ምልክት ማንም ይነቅለዋል፤ የነቀለም አይጠየቅም።