ለገዥው ገንዳ የተመረጠችው ፓምፕ

አንድ የአውራጃ ገዥ በግቢያቸው የፍል ውሃ መታጠቢያ ገንዳ አሠሩና ፓምፕና መገጣጠሚያ መርጦ እንዲገጥም አንድ ምላሱ የሰላ የቧንቧ ሠራተኛ አስጠሩ። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ፓምፕ ቀረቡለት። ሰውየው ሁለቱንም አገላብጦ አየና ትንሿን በሰፊ ቧንቧ ገጠማት።

ገዥው እንግዶቻቸውን አስከትለው ገንዳውን ሊያሳዩ ሲመጡ ፓምፗን አዩ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«አንተ! ይቺ ለእኔ ትመጥናለች?»

«ለገንዳው ትመጥናለች፣ ጌታዬ።»

«የጎረቤት አውራጃ ገዥ እንኳ የዚህችን እጥፍ ነው ያስገጠመው! ሆን ብለህ ልታዋርደኝ ነው። በል፣ ምክንያትህን በእነዚህ ሰዎች ፊት ተናገር፤ ካላሳመንከኝ ዛሬ የምታድረው ወህኒ ቤት ነው።»

እንግዶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ሠራተኛው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ የትልቁ ፓምፕ ውሃ ኃይለኛ ነው፤ ገንዳው ውስጥ የተቀመጠን ሰው ገፍቶ ያስነሳል። እርስዎን ከወንበርዎ ለማስነሳት ደግሞ አገሩ ሁሉ ሞክሮ አቅቶታል። ታዲያ ፓምፕ እንደሚያስነሳዎ ከታወቀ፣ ነገ ሕዝቡ ፓምፕ ተሸክሞ ጽሕፈት ቤትዎ ሲመጣ ማን ሊጠየቅ ነው?»