ያልጨከነብኝ ልጄ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ስኳር ዓይናቸውን ያጠፋባቸው እማማ የሻረግ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ስላለ መናገር አይችሉም፤ ይሰማሉ ግን። የመጨረሻ ልጃቸው አንዱዓለም መታመማቸውን ሰምቶ ከጎንደር ሲከንፍ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ተቀበረም። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርምና የቀሩት ሦስት ልጆች አፋችንን እንይዛለን ብለው ተማማሉ።

ታላቅየዋ ዘነቡ ውጭ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ትገባለች። «እማዬ፣ አንዱዬ ነገ ይደርሳል።» በማግስቱም «ነገ»። እንዲህ እያለች አሥራ ዘጠኝ ቀን አቆየቻቸው። ሐኪሙ «በምን ኃይል እንዳሉ አልገባኝም» አለ። ኮቴ በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ወደ በሩ ሲያዞሩ ቱቦው ጉሮሯቸውን አቆሰለው።

ታፈሰ ይህን ማየት መረረው። ድምፁ ቁርጥ የሟች ወንድሙን ነው። በሃያኛው ቀን እጃቸውን ያዘና «እማ፣ መጣሁልሽ፤ አንዱዓለም ነኝ» አላቸው። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ምን ዋጋ አለው! አንዱዓለም በልጅነቱ እሳት በልቶት አውራ ጣቱ ተኮማትሮ ቀርቷል። እናት ናቸውና የታፈሰን አውራ ጣት ዳበሱ። ደግመው ዳበሱ። ከዚያ እጁን ለቀቁት።

ያን ዕለት ስንቅነሽ መሐላውን አፈረሰች። «እማዬ፣ አንዱዓለም ሞቷል። ወዳንቺ ሲመጣ ነው። ቀብረነዋል።» ኧረ ምነው፣ «ወዳንቺ ሲመጣ» የምትለዋን እንኳ ብታስቀራት! እሪ እንዳይሉ ድምፅ የላቸው። ደረታቸውን ሲደቁ፣ ቱቦው እንዳይነቀል ነርሶቹ እጃቸውን ከአልጋው ጋር አሰሩት።

ሲረጋጉ አንድ እጃቸው ተፈታላቸው። በምልክት እስክሪብቶ ጠይቀው፣ በተንጋደደ ፊደል «ቤቴን ያልጨከነብኝ ልጄ ይውሰደው» ብለው ጻፉ። ስም የለበትም። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፉ።

በአርባቸው ሽማግሌ ተቀመጠ።

«በተስፋ ያኖርኳት እኔ ነኝ» አለች ዘነቡ።

«ለአንድ አፍታም ቢሆን ልጇን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለ ታፈሰ።

«እኔ ብቻ አልዋሸኋትም» አለች ስንቅነሽ።

ወረቀቱ ከእጅ እጅ ዞረ፤ ሽማግሌዎቹ ለሌላ ቀን ቀጥረው ተነሡ። እናንተ ግን አታመልጡኝም። «ሁሉም» ብትሉ አልሰማም፣ ቤቱ አንድ ነው። «ሟቹ» እንዳትሉ፣ ሙት ቤት አይወርስም። «ማንም» ካላችሁም ሙግታችሁ ከእኔ ሳይሆን ከእማማ የሻረግ ጋር ነው፤ እሳቸው አንድ አለ ብለው ነው የሞቱት።

በሉ ፍረዱ፤ ያልጨከነባቸው የትኛው ነው?