የሼህ ጡሃ እርጥብ ሣር

ስሟን ማንሳት በማያስፈልገን አንዲት የቆየች ከተማ ውስጥ ሼህ ጡሃ የሚባሉ ሷሊህ ሰው ነበሩ። ኪታብ ያስቀራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ለወላጅ አልባው የቲም ያዝናሉ። ሰዉም ከመውደዱ የተነሳ እጃቸው የነካው ሁሉ በረካ አለው ይል ነበር። ይኸው ውዴታ አንድ ክረምት ጣጣ አመጣባቸው።

ከመስጂዱ ግድግዳ ማዶ ሰዓዳ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖራለች። ልጆቿን የምታሳድገው በዶሮ ነው፤ እንቁላል ካለ ይበላል፣ ከሌለ ጦም ይታደራል። ሼሁ የዶሮ ቤቷ ወለል ባዶ አፈር መሆኑን አይተው አዘኑላት። ለእንግዳ ለምለም ሣር ይጎዘጎዝ የለ? እሳቸውም ከወንዝ ዳር እርጥብ ሣር እያሳጨዱ «ለዶሮዎችሽ ይሁን» ብለው በየጊዜው ይልኩላት ጀመር።

ክረምቱ ሲጠና ከዚያ ቤት ክፉ ሽታ ተነሳ፤ የመስጂዱ ሰው ለሰላት እስከሚታጠብበት ውዱእ ማድረጊያ ድረስም ዘለቀ። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ በድሩ ንጽሕና የሚወዱ፣ ለፍርድ ግን የሚቸኩሉ ሰው ናቸው። «ጦሃራ የኢማን ክፍል ነው፤ የአንዲት ሴት ስንፍና ሰላታችንን ሊያበላሽብን አይገባም» እያሉ ጀማዓውን አሳመኑ። ከጁምዓ ሰላት በኋላ የዶሮ ቤቱ እንዲፈርስ፣ ዶሮዎቹም ገበያ እንዲወጡ ተወሰነ።

የጁምዓ ዕለት ማለዳ ሼሁ ነገሩን በዓይናቸው ሊያዩ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ከቆጡ ሥር ያለውን ሣር ገለጥ ቢያደርጉት ላዩ አረንጓዴ፣ ሥሩ ጥቁር ነው። እጃቸውን ቢሰዱበት እንደ ቦካ ሊጥ ይሞቃል። ሣሩ ከኩሱ ጋር ተላቁጦ ሻግቷል፤ የዶሮዎቹም እግር ቆስሏል።

«ልጄ፣ ይህን ለምን አላወጣሽውም?» አሏት።

ሰዓዳ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። «አባ፣ የእርስዎ እጅ ያለበትን እንዴት አድርጌ ልጣለው? በረካው ከቤቴ ይወጣብኛል ብዬ ፈራሁ። አዲሱ ሲመጣ ባሮጌው ላይ ስደርብበት ከረምኩ።»

ሼሁ አሁን ገባቸው። ለካ ከተማውን ያስጨነቀው ሽታ የገዛ ሰደቃቸው ኖሯል!

ነገሩን ያዋዩት አንድ ወዳጃቸው ግን «ዝም ይበሉ ሼሁ» አላቸው። «ዶሮ ቤቱ ይፍረስ፤ ለሴትዮዋ ሌላ መላ እንፈልግላታለን። የእርስዎ ስም ከወደቀ የዲኑም ክብር አብሮ ይወድቃል።» ምክሩ ይጣፍጣል። ሸይጧንስ መቼ መራራ ይዞ መጥቶ ያውቃል?

ሰላቱ አብቅቶ ሐጂ በድሩ ዶማ የያዙ ሰዎች አስከትለው ሲነሱ፣ ሼህ ጡሃ ከፊታቸው ቆሙ።

«ጀማዓ፣ ሽታው የኔ ነው» አሉ።

ሰዉ ግራ ተጋባ።

«እርጥቡን ሣር የላክሁት እኔ ነኝ። ለሰው እንግዳ የሚያምረው ለዶሮ እንደማይሆን አላወቅሁም፤ ከላክሁትም በኋላ እስከ ዛሬ ጠዋት አንድ ቀን ሄጄ አላየሁም። ይህች ሴት እኔን አክብራ ቻለችው። ወቃሽ ካለ እኔን ይውቀስ።»

ይህን ብለው ጀለቢያቸውን ሰበሰቡና ቅርጫት ይዘው ገቡ። የበሰበሰውን ሣር ተሸክመው በጀማዓው መሃል ሲያልፉ የሐጂ በድሩ ፊት በርበሬ መሰለ። ሐጂ ግን ደግ ሰው ነበሩና «ሌላ ቅርጫት የለም እንዴ?» ብለው እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቀመጣል!

ወለሉ እስኪታይ ጠረጉት፤ ሲደርቅም አመድ ነሰነሱበት። አንዱ የማሽላ አገዳ፣ ሌላው የአናጢ ፍቅፋቂ፣ ሌላው ጭድ ይዞ መጣ። ሼሁ ሁሉንም በእጃቸው ጨብጠው አዩት። አገዳው ሻካራ ነው፣ እርጥበትም አይመጥጥም፤ ፍቅፋቂው ዝናብ ነክቶታል። ደረቁን የጤፍ ጭድ መረጡ። ከዚያም ሱብሂ ሰግደው በወጡ ቁጥር ከቆጡ ሥር የረጠበውን እየዛቁ ያወጣሉ፣ ቀሪውን ያገላብጣሉ፣ ደረቅ ይጨምራሉ። ሰዓዳ «አባ፣ ይተዉት፣ እኔ አለሁ» ስትላቸው «ያበላሸሁትን ላቃና ልጄ» ይሏት ነበር።

መስከረም ሳይጠባ የዶሮዎቹ እግር ዳነ፤ እንቁላሉም ተትረፈረፈ። አንድ ጁምዓ ሐጂ በድሩ ሆን ብለው ከግድግዳው ሥር ሰገዱ። ሲጨርሱ አየሩን ሳብ አድርገው «ሰዓዳ ዶሮዎቿን ሸጠቻቸው እንዴ?» ከማለታቸው አውራው ከማዶ «ኩኩሉ!» አለ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሰዓዳም ሳቁን ሰምታ ከደጃፏ እልል አለች፤ ዶሮዎቿ እንደተረፉላት ያን ጊዜ ልቧ አመነ።

«ሼሁ» አሉ ሐጂ በድሩ፣ «ያን ዕለት ለክብርዎ አልፈሩም?»

ሼህ ጡሃም «ሰደቃ ከእጅ ሲወጣ አያልቅም፤ የደረሰበትን ሄዶ ማየት አለ» አሉ።

ወገኖቼ፣ እኛ ሰጥተን ወደ ቤታችን እንገባለን፤ ምስጋናውንም በልባችን እንቆጥራለን። ተቀባዩ አክብሮን፣ አፍሮን፣ የሰጠነው ቤቱን ሲያከረፋበት ዝም ይላል። «ያ የሰጠሁህ ነገር ተመቸህ ወይ?» ብሎ ደጁን ማንኳኳት ያቃተን ስንቶቻችን ነን? አላህ ከሚሰጡት ብቻ ሳይሆን ሰጥተው ከሚጠይቁት ያድርገን።