እመት ጅግራና ውሸታሙ ፍሬቻ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፣ ጆሮ የሌላችሁም ከጎረቤት ተዋሱና ቅረቡ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ መንጃ ፈቃድ በነበራቸው፣ መኪናም አፍ አውጥታ ባለቤቷን በምታማበት ዘመን፣ አንዲት ጅግራ ነበረች። እመት ጅግራ ይሏታል። ባሏ ሲሞት ትቶላት የሄደው ነገር ቢኖር አንዲት አሮጌ ቤት መኪና ናት። እማማ ቤቶ ትባላለች። ውስጧ አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ መስኮቷ መጋረጃ አለው። ሞተሯ ሲነሳ ታስነጥሳለች፣ ዳገት ስታይ ታማትባለች፣ ቁልቁለት ስታይ ደግሞ የማንንም ምክር አትሰማም።

አልጋው ላይ፣ በደረቅ ሣር ጎጆ ውስጥ፣ የእመት ጅግራ እንቁላሎች ተቀምጠዋል። በዚያ ሰሞን ደጋው ላይ ውርጭ ሊወርድ አኮብኩቦ ነበር። ውርጩ ከደረሰባቸው እንቁላሎቹ አይፈለፈሉም። ስለዚህ እመት ጅግራ እንቁላሎቿን ይዛ ወደ ቆላ ለመውረድ ተነሳች። መንገዱ አንድ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው መገንጠያ ደርሶ ወደ ቀኝ መታጠፍ። ወደ ቀኝ መታጠፍ ደግሞ ምን ይከብዳል? ፍሬቻ ማብራት፣ መሪ መጠምዘዝ፣ አለቀ። እሷም እንዲህ ብላ ነበር የተነሳችው።

ከመገንጠያው በፊት ባለች አንዲት መታጠፊያ ላይ ውሃ ልትቀዳ ፈለገችና ቀኝ ፍሬቻ አበራች። ጋቢናው ውስጥ ቲክ ታክ፣ ቲክ ታክ አለ። ደስ ብሏት ወደ ቀኝ ስትታጠፍ፣ አያ በሬ የጭነት መኪናውን ይዞ ከኋላዋ በዚያው በቀኝ በኩል ጥሩምባውን እያንባረቀ መጣባት። ፍሬን ሲይዝ ጎማው ጮኸ። እማማ ቤቶ ተንገዳግዳ ቆመች። አንድ እንቁላል ከጎጆው ወጥቶ እየተንከባለለ አልጋው ጫፍ ላይ ደረሰ። እመት ጅግራ ዘላ በክንፏ ባታቅፈው ኖሮ መሬት ላይ ፈስሶ ይቀር ነበር።

አያ በሬ ከመኪናው ወርዶ መጣ። በሬ ተቆጥቶም ቢሆን ሰላምታ አይረሳም።

"እመት ጅግራ፣ እንደምን ዋልሽ?"

"እግዜር ይመስገን፣ አንተስ እንደምን ዋልክ?"

"እኔማ አሁን ልሞት ነበር። እንዲያው ልጠይቅሽና፣ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ በግራ የምትጠቅሺው ማንን ነው?"

"ኧረ እኔ ቀኙን ነው ያበራሁት!"

"የጠቀሰኝ ግራው ነው። እኔ ደግሞ ባለትዳር ነኝ" አለና ጭራውን ወዝውዞ ሄደ።

እመት ጅግራ እንቁላሉን ወደ ጎጆው መልሳ ውሃዋን ቀዳች። "ይሄ ፍሬቻ ሳይስተካከል ወደዚያ ገደል አልሄድም" አለች። ውርጩ ግን ፍሬቻ እስኪሠራ የሚጠብቅ ዓይነት አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣችው እመት ጦጢት ናት። ጦጢት በሕይወቷ አንድ ብሎን ፈትታ አታውቅም፤ ግን ዛፍ ላይ ተቀምጣ ብዙ መኪና ሲያልፍ አይታለች። ይህ በዚያ አገር በቂ ልምድ ነበር።

"አምፖሉ ነው!" አለች፣ ገና ከዛፉ ሳትወርድ።

"ሳታዪው?" አለች እመት ጅግራ።

"ማየት ለማያውቅ ነው።"

አምፖሉ ይህን ሲሰማ፣ "እሜቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ሲልኩብኝ እበራለሁ፣ ሲተዉኝ እተኛለሁ" አለ።

"ዝም በል! ጥፋተኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው" አለችና ጎትታ አወጣችው። አዳዲስ፣ የሚያብረቀርቁ አምፖሎች አስገባች። እመት ጅግራ ቀኙን አበራች። ግራው ጠቀሰ። ቀድሞ በደብዛዛው ይዋሽ የነበረው ፍሬቻ አሁን አሳምሮ ይዋሽ ጀመር።

"አየሽ፣ ደምቋል" አለች ጦጢት። አሮጌዎቹን አምፖሎች ለጆሮ ጌጥ ይዛ ዛፏ ላይ ወጣች።

ቀጥሎ አያ ዝንጀሮ መጣ። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ጥያቄ የሚጠይቀውን የማይወድ ዝንጀሮ ነው።

"ፊውዙ ነው" አለ።

"እንዴት አወቅህ አያ ዝንጀሮ?"

"እኔ ልሥራ ወይስ አንቺ ትሠሪያለሽ?"

እመት ጅግራ ገለል አለችለት። አያ ዝንጀሮ ፊውዙን በጥፍሩ ነቀለው። ፊውዙ ቀጭን ድምፅ አለው፤ "አያ ዝንጀሮ፣ እኔን ካወጣኸኝ ይህን ቤት ማን ይጠብቀዋል? የእኔ ሥራ እኮ ሌላው እንዳይቃጠል ቀድሜ መቃጠል ነው" አለ።

"ፈሪ! መብራቱን አንቀህ የያዝከው አንተ ነህ" አለና ወደ ውጭ ወረወረው። በቦታው አንድ ወፍራም ሽቦ ሰካ።

"አንተስ ትፈራለህ?" አለው ሽቦውን።

"እኔ ምንም አልፈራም፤ ምንም አላስብምም" አለ ሽቦው።

"ተባረክ! እንዲህ ያለ ነበር የጠፋው።"

በዚህም አልበቃውም። ከሥር ያሉትን ሽቦዎች እየጎተተ ያገኘውን ካገኘው ጋር ጠመዘዘ። "በይ አብሪ!" አለ። እመት ጅግራ አበራች። ቀኙም በራ፣ ግራውም በራ፣ የፍሬን መብራቱም በራ። ቀጥሎ ጭስ ወጣ። ከጭሱ ቀጥሎ ከአልጋው አጠገብ ያለው መጋረጃ በራ።

"ይኸው! መብራት አልፈለግሽም?" አለ አያ ዝንጀሮ፣ ወደ እሳቱ እያመለከተ።

እመት ጅግራ ዘላ የባትሪውን ገመድ በምንቃሯ ነቀለች፤ የቀዳችውን ውሃ እንዳለ መጋረጃው ላይ ደፋችው። እንቁላሎቹ ለብ ከማለት በስተቀር አልተጎዱም። ቀና ስትል አያ ዝንጀሮ የለም። ለካስ ሌላ መኪና የሚያክምበት ቀጠሮ ነበረው።

እያለቀሰች የተጠማዘዙትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ፈትታ ወደየቦታቸው መለሰች። ወፍራሙን ሽቦ ጣለችና ፊውዙን ከመሬት አንስታ አፈሩን አራገፈችለት።

"ይቅር በለኝ" አለችው።

"ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ" አለ ፊውዙ፤ ወደ ቦታውም ገባ። እሷም የባትሪውን ገመድ መልሳ ቀጠለች።

በሦስተኛው አያ ጅቦ መጣ። ከሩቅ ከንፈሩን እየመጠጠ ነው የመጣው።

"እህቴን! እህቴን! ምን ሆነሽብኝ ነው እንዲህ የከሳሽው?" አለ። ስለ መክሳቷ እውነትም አዝኖ ነበር።

"ፍሬቻዬ ይዋሻል አያ ጅቦ። እስቲ ከኋላ ቁምና የትኛው እንደሚበራ ንገረኝ።"

አያ ጅቦ ከኋላ ቆመ። እሷ ቀኙን አበራች።

"ቀኙ ነው! ጥርት ያለ ቀኝ! እንዲህ ያለ ቀኝ አይቼ አላውቅም!" ብሎ ጮኸ።

በበሩ ላይ የተንጠለጠለው ስፖኪዮ ይህን ሰማ። ስፖኪዮ የኋላውን የሚያሳይ መስታወት ነው፤ ሐሜት ይወዳል፣ ግን ያላየውን አያወራም። ጎንበስ ብሎ፣ "እሜቴ፣ የሚበራው ግራው ነው። ደግሞ ሰውየው ምራቁን እየዋጠ ነው" አላት።

እመት ጅግራ ላባዋ ሁሉ ቆመ። አያ ጅቦ ለምን እንደሚዋሽ ገባት። በዚያ ገደል አፋፍ ላይ በግራ ጠቅሳ ወደ ቀኝ ብትታጠፍ፣ ከኋላ ያለው መኪና ገጭቷት ይዟት ገደል ይገባል፤ ታች ደግሞ የሚለቅም አይጠፋም።

"እግዜር ይስጥልኝ አያ ጅቦ፣ እንግዲያውስ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ" አለች፣ ድምፅዋን አስተካክላ።

"መገንጠያው ላይ ቆሜ እሸኝሻለሁ። ለአንቺ ያልሆንኩ ለማን ልሆን!" አለና እየተቻኮለ ሄደ።

እመት ጅግራ እንቁላሎቿ ላይ ተቀመጠች። ፈርታለች፣ ግን ከፍርሃቷ ንዴቷ ባሰ። የተናደደችው በራሷ ነው። ዛፍ ላይ ያለውንም፣ መንገድ ላይ ያለውንም ጠይቃለች፤ ራሷ ግን አንዴም ጎንበስ ብላ አላየችም። ተነሳችና አዲሱን የቀኝ አምፖል ጠየቀችው።

"ወንድሜ፣ ቀኙን ሳበራ ኤሌክትሪኩ አንተ ዘንድ ይመጣል?"

"ይመጣል እንጂ! እንግዳው ይመጣል፣ ግን የሚመለስበት መንገድ ተዘግቶበታል። መውጫ ሲያጣ በግራው አምፖል ቤት አቋርጦ ይወጣል። ሲያልፍ ታዲያ ግራው ይበራል።"

"ይህን ለጦጢት ለምን አልነገርካትም?"

"አዲስ ገቢ ነኝ። ደግሞ ማን ጠየቀኝ?"

እመት ጅግራ የመመለሻውን ሽቦ በምንቃሯ እየተከተለች እማማ ቤቶ ሆድ ሥር ገባች። ጭቃ ነው፣ ቅባት ነው። ሽቦው ከመኪናዋ አጥንት ከሻንሲው ጋር በብሎን ታስሯል፤ ብሎኑ ላይ ዝገት እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

"እንኳን ደህና መጣሽ!" አለ ዝገት። "እኔ እኮ ሰው ናፍቆኝ ነበር። አምፖሉን ሰደቡ፣ ፊውዙን ጣሉ፣ መጋረጃውን አቃጠሉ፤ እኔን ግን እንደምን አደርክ ያለኝ የለም። ሥራዬን አየሽው? ቀስ እያልኩ ነው የበላሁት።"

"መንገዱን የዘጋኸው አንተ ነህ?"

"ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል!" አለ ዝገት፣ ኮራ ብሎ።

እመት ጅግራ አላመነታችም። ባትሪውን ነቅላ፣ የባሏን መፍቻ አምጥታ ብሎኑን ፈታች። ከዚያ በጥፍሯ ፋቀች፣ በምንቃሯ ፋቀች፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀች። ዝገት መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ለመነ። "እኔና ሻንሲው እኮ ቤተሰብ ሆነናል! ብታለያዪን ኃጢአት አይሆንብሽም?" አለ። እማማ ቤቶ በበኩሏ፣ "ኧረ ፋቂልኝ ልጄ፣ ስንት ዘመን ሲያሳክከኝ" አለች። ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ፋቀችው፤ ሽቦውን መልሳ ብሎኑን አጥብቃ አሰረች። ባትሪውን ቀጠለችና ቀኙን አበራች።

"ቀኝ" አለ ስፖኪዮ። ግራውን አበራች። "ግራ" አለ። "አሁን እንግዲህ የማወራው አጣሁ" ብሎ ተከዘ።

በማግስቱ ጠዋት የፊት መስታወቱ ላይ ስስ ውርጭ ወርዶ ነበር። እመት ጅግራ እንቁላሎቹን በሣርና በላባ ሸፍና ተነሳች። መገንጠያው ላይ ስትደርስ አያ ጅቦ ቀድሞ ደርሷል። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ቢላዋውን በጉያው ሸሽጎ፣ ገና ምንም ሳይደርስባት "ወይኔ እህቴን!" እያለ ደረቱን ይመታል። ከኋላዋ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እየተንደረደረ ይመጣል።

እመት ጅግራ ቀኙን አበራች። ቀኙ ጠቀሰ። የጭነት መኪናው ይህን አይቶ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ጥጉን ይዞም ጠበቃት። አያ ጅቦም አየ፤ ግን ያየውን አላመነም። "ይሄ ውሸታም ቀኝ ካለ ግራ ማለቱ ነው። ፈርታ ወደ ግራ ልትሸሽ ነው" አለና በቀኙ መንገድ መሐል እንደቆመ ቀረ። እማማ ቤቶ ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ ከፊቷ ደግሞ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ስታይ የማንንም ምክር አትሰማም ብያችኋለሁ።

"ቀኝ እኮ አልኩህ!" ብላ ጮኸች እመት ጅግራ በመስኮት።

አያ ጅቦ ዘሎ ከመንገዱ ዳር እሾክ ውስጥ ወደቀ። አልሞተም፤ ጅብ በዚህ አይሞትም። ግን ዳሌው ተሰብሮ እያነከሰ ቀረ። ለምን እንደሚያነክስ የጠየቀውን ሁሉ፣ አደጋ የደረሰባትን እህቱን ሊያድን ሲሮጥ እንደወደቀ ይነግረዋል።

እመት ጅግራ ቆላ ገባች። እንቁላሎቹ በሞቃት አሸዋ ላይ ተፈለፈሉ፤ ጫጩቶቹም ገና ላባቸው ሳይደርቅ መንጫጫት ጀመሩ። ደጋ ላይ ደግሞ ጦጢት "ያንን ፍሬቻ የሠራሁት እኔ ነኝ" ትላለች፣ ዝንጀሮም "እኔ ነኝ" ይላል፤ ሁለቱም በዚህ ዝና ብዙ ደንበኛ አግኝተዋል።

እንግዲህ የእናንተም መብራት በተሳሳተ በኩል ቢጠቅስ፣ አምፖሉን ከመሳደባችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ። መጎንበሱ ከከበዳችሁም አትጨነቁ፤ ጥርት ያለ ቀኝ ነው የሚላችሁ ወዳጅ መገንጠያው ላይ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይጠብቃችኋል።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ የተዋሳችሁትን ጆሮ ለባለቤቱ መልሱ።