ከጓሮ በኩል የመጣው እንግዳ

ተረት ተረት!

— አውጪልን ከበረት!

ድምፃችሁ የት ሄደ? እራት አልበላችሁም እንዴ? ተረት ተረት!

— አውጪልን ከበረት!

እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ከሐይቅ ዳር፣ አያ ሽባባው የሚባል ታንኳ ሠሪ ነበረ። ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ ጠፍሮ የሚሠራት ታንኳ ውኃ አታስገባም። ራሱም ምክር አያስገባም። ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። ይወዳታል። በሰው ፊት ስትናገር ግን አይወድም።

አንድ ቀን ከእሱ ቤት ማኅበር ተበላና ጠላው ራስ ላይ ወጣ። አያ ሽባባውም፦ «መሬት እንደ አውድማ ዝርግ ናት። ጫፏ የደረሰ ይወድቃል» አለ። ሁሉም፦ «እውነት ነው» አሉ። ጠላው የእሱ ነበራ!

እንጉዳይ ግን፦ «እኔስ እንጃ» አለች። «ታንኳ ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየኝ የቀዛፊው ራስ ነው። ታንኳው የሚታየው ቆይቶ ነው። ምን ጋረደው? መሬት ክብ ሳትሆን አትቀርም።»

ማኅበርተኛው አያ ሽባባውን እያየ ሳቀ። አንዱማ ጠላው በአፍንጫው ወጣ። ጉዱን ያመጣው ያ ሳቅ ነው። አያ ሽባባው ብድግ አለና፦ «ጊዮርጊስን! ጫፏን ሳላይ ከቤቴ አልገባም!» ብሎ ማለ።

በማግስቱ በሶውን ቋጠረና ታንኳውን ተሸከመ። በፊት ለፊት በር ወጥቶ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ሄደ። እንጉዳይ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ጋቢህን!» አለችው። ዞርም አላለ።

ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ተራራ ሲያይ፦ «ጫፏ ከዚያ ወዲያ ነው» ይላል። ሲደርስ ሌላ ተራራ። ውቅያኖሱን እንዴት ተሻገረ? እኔ ምን አውቄ! ታንኳ ይዟል አላልኳችሁም? ዝም ብላችሁ ስሙ። ስምንት ዓመት ፊቱን ሳያዞር ሄደ። ማታ ማታ እንጉዳይን በሕልሙ ያያል፤ ሲነቃ ያኮርፋታል።

ከዚያም አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ፣ ከአንድ ቤት ጓሮ ብቅ አለ። አጥሩን ያጠረው እሱ ነው። ጌሾውን የተከለው እሱ ነው። ውሻው አሽትቶት እላዩ ላይ ወጣ። አያ ሽባባው ድንግጥ አለና፦ «ሂድ! አንተዋወቅም!» አለው።

እንጉዳይ ከጓዳ ወጣችና አየችው። እንባዋ መጣ። ዋጥ አድርጋው፦ «ከየት ነዎት?» አለችው። ባሏን አንቱ!

«ከሩቅ ነኝ። የመሸበት መንገደኛ ነኝ፣ አሳድሪኝ።»

«በፊት ለፊት የሄደ ባል ነበረኝ። እርስዎ በጓሮ መጡብኝ።»

«አገሩ ይመሳሰላል፣ እመቤት። እኔም ዘንድ እንዲህ ያለ ቤት አለ። እንዲህ ያለች ሴትም አለች።»

«ደህና ናት?»

አየት አድርጓት፦ «ቆንጆ ናት» አለ።

እንጉዳይ እንደ እንግዳ ወጉ እግሩን አጠበችው። እያጠበችውም፦ «አየህ» አለች። «ተሳሳትኩ ማለት አንዲት ቃል ናት። መሐላውን ቄሱ ይፈቱልሃል፤ ቢበዛ አርባ ስግደት ነው። ባሌ የሚተኛው ከጓዳ፣ ከአልጋዬ ነው። እንግዳ ግን እዚህ መደብ ላይ ነው።»

አያ ሽባባው አልጋውን አየ። እሷን አየ። አፉን ከፈተ። ወዲያው ያ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበት። አፉን ዘጋና፦ «መደቡ ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ሲነጋ ስንቅ ቋጠረችለት፤ በፊት ለፊት በር ወጥቶ ሄደ። ከስምንት ዓመት በኋላ በጓሮ መጣ፤ ከመደቡ አደረና ሄደ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ከጓዳ የወጣችው ሌላ ሴት ናት።

«እንጉዳይስ?» አላት።

«አክስቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። እስከ ዕለተ ሞቷ ማታ ማታ መደቡን ታነጥፍ ነበር።»

አያ ሽባባው ጓሮው ላይ ዘጭ አለ። አለቀሰ። ከዚያም ቀስ ብሎ፦ «ተሳስቻለሁ» አለ።

«ምን አሉ አባቴ? አልሰማሁዎትም።»

ቀና ብሎ አያት። «መሬት ዝርግ ናት ነው ያልኩሽ» አለና ዱላውን አንሥቶ መንገዱን ቀጠለ።

ዛሬም ይዞራል። ባደረበት ቤት ሁሉ ይህንኑ ያወራል። እንግዳን መሞገት ነውር ነውና፦ «ይሁን አባቴ» ይሉታል። የቤቱ ልጆችም አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ አድገውም ያምናሉ።

እኔ ተረቴን ሰጠሁ፤ እናንተም ለአፌ ዳቦ ቁረሱልኝ። ክብም ይሁን ዝርግ፣ አልመርጥም።